የተነፋ ሆድና የወፈረ ሆድ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ ስለ ሆድ እንነጋገራለን። ነገሩ ለጊዜው የሚያስቅ ቢመስልም ብዙ ሰው በየዕለቱ የሚጨነቅበት፣ አንዳንዱም በከንቱ የሚራብበት፣ ሌላውም በቸልታ የሚጐዳበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ከዘመዶቼ አንዲቱ የእኅቷ ልጅ ሠርግ ሳምንት ሲቀረው ያሰፋችውን ቀሚስ አንድ ቀን ማታ ለብሳ ብትሞክረው ወገቧ ላይ ጠበባት። ባልንጀሮቿ «እንጀራ ነው የሚያወፍርሽ፤ እሱን ተዪ» ቢሏት፣ እንጀራውንም ዳቦውንም ድንቹንም ትታ ሥጋና ጎመን ብቻ መብላት ጀመረች። በአምስተኛው ቀን ሚዛን ላይ ስትወጣ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሳ ተገኘች፤ ደስታዋም ወሰን አልነበረውም። በሠርጉ ዕለት ግን እንደ ሰው ሁሉ ከእንጀራውም ከጠላውም ቀመሰች። ሁለት ቀን ያህል ቆይታ ብትመዘን የቀነሰችው ሁሉ ተመልሶ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ «እኔ እንጀራ ገና ሳሸተው የምወፍር ሰው ነኝ» እያለች ገበታ ትፈራለች።

ሚዛኑ አልዋሻትም። የሚዛኑን ቃል የተረጐመችው ግን በስሕተት ነው። በእነዚያ አምስት ቀናት ከሰውነቷ ከወጣው ውስጥ ስቡ ጥቂት ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ የተመለሰውም ስብ አልነበረም። ማታ ቀሚሱን ያጠበበባትም ስብ አልነበረም። ሦስቱን ነገሮች፣ ማለት ውሃን፣ ነፋስንና ስብን፣ ለይቶ ማወቅ የዛሬው ንግግራችን ዋና ፍሬ ነገር ነው።

አስቀድመን ስለ ውሃው እንናገር። ካርቦሃይድሬት በሚባለው በአንድ ስም የሚጠሩት ልዩ ልዩ ስኳሮች፣ ስታርችና ፋይበር የሚባለው የእህል ቃጫ ናቸው። ከጤፍ፣ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከበቆሎ፣ ከእንሰት፣ ከድንች፣ ከጥራጥሬ፣ ከፍራፍሬና ከወተት ይገኛሉ። ስታርቹ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ከተለወጠ በኋላ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ወዲያው ያልነደደው ስኳር የት እንደሚቀመጥ ያስረዳው ክሎድ ቤርናር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ግላይኮጅን የሚባለውን ነገር ከጉበት ለይቶ አወጣ። ግላይኮጅን ማለት ሰውነት ለሚመጣው ሰዓት ያኖረው ስንቅ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው በአንድ ጐልማሳ ሰው ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ በጡንቻዎቹ ውስጥ ደግሞ ወደ 400 ግራም ያህል ይከማቻል።

ይህ ጎተራ ግን ደረቅ ጎተራ አይደለም። አንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ 500 ግራሙ ከነውሃው ሁለት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ሰው እህል መብላት ባቆመ ጊዜ ሰውነት ይህን ስንቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ይጨርሰዋል፤ የያዘውም ውሃ በሽንት ይወጣል። ከዚህም በላይ ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ኢንሱሊን ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊት ጨውን ይለቃል፤ ጨውም ውሃን አስከትሎ ይወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ኦልሶንና ሳልቲን የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን አገር የዚህን ተቃራኒ መዝነው አሳይተዋል። የጡንቻቸው ስንቅ የተሟጠጠ ሰዎች ለጥቂት ቀናት ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ ሲበሉ ክብደታቸው ከሁለት ኪሎ በላይ ጨመረ፤ ከጨመረውም አብዛኛው ውሃ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የዘመዴን ሠርግ በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለማከማቸት ሰውነት ከሚያነደው በላይ ከ7,000 የማያንስ ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል። ሁለት ኪሎ ተኩል ስብ በሁለት ቀን ለማግኘት ከ17,000 ካሎሪ በላይ ትርፍ መብላት ነበረባት። የአንድ ሰው የቀን ፍላጎት ግን ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 2,500 ካሎሪ ነው። ሠርጉ የቱንም ያህል የደመቀ ቢሆን ይህን ያህል የሚበላ ሆድ የላትም።

እህልን ትቶ የመክሳት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዊሊያም ባንቲንግ የሚባል አንድ የለንደን የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ጐንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር እስኪያቅተው ድረስ ወፍሮ ነበር። ዊሊያም ሃርቪ የተባለው ሐኪሙ በፓሪስ ከተማ የዚያኑ የክሎድ ቤርናርን ትምህርት አድምጦ ስለ ነበር ዳቦን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን እንዲተው አዘዘው። ባንቲንግም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 20 ኪሎ ያህል ቀንሶ፣ ደስታውን የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉም ብዙ ተነበበ። የሰውዬው መክሳት እውነት ነው። ነገር ግን ከሳ የተባለው ሰው የተወው ዳቦ ቅቤውንና ስኳሩን፣ የተወውም ቢራ ብዛቱን ይዞ መሄዱን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቀጠለ። በአሜሪካ አገር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን ስብን፣ ሁለተኛው ወገን ካርቦሃይድሬትን ለ12 ወራት እንዲቀንስ ካደረጉ በኋላ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. አስታወቁ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ከሱ፤ ይህም ልዩነት ተብሎ የሚቈጠር አልሆነም። ይልቁንም የሚያስደንቀው በሁለቱም ወገን ብዙ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች መኖራቸው፣ በሁለቱም ወገን ጭራሽ የወፈሩ ሰዎች መገኘታቸው ነው።

ታዲያ እንጀራ አያወፍርም ማለት ነውን? ከሚያስፈልገው በላይ ከተበላ የማያወፍር ምግብ የለም። መንገዱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሰውነት ስታርችን ወደ ስብ መለወጥ የሚችል ቢሆንም፣ በተለመደው አመጋገብ ይህን የሚያደርገው በጥቂቱ ነው። የሚመርጠው ስታርቹን አስቀድሞ ማንደድና አብሮት የገባውን ዘይትና ቅቤ ማስቀመጥ ነው። አንድ ግራም ስታርች 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ዘይት 9 ይሰጣል። እንግዲህ በገበታ ላይ በተከሰሰ ጊዜ እንጀራው ብቻ ይፈረድበታል፤ ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ ግን በነጻ ይለቀቃል። በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ሳያጠግብ ስለሚገባ ከክሱ ያመልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው ነፋሱን ነው። ዘመዴ ቀሚሱን የሞከረችው ማታ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። የዚያን ዕለት ምሳዋ ሽሮ ወጥ እንደ ነበረ በኋላ ጠይቄ ተረድቻለሁ።

ከካርቦሃይድሬት ወገን በትንሹ አንጀት ውስጥ የማይፈጩ አሉ። በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በምስር ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች ይገኛሉ፤ እነዚህን የሚሰብር ኤንዛይም በሰው አንጀት ውስጥ ከቶ አልተፈጠረም። በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በስንዴ ውስጥ ፍሩክታን የሚባለው አለ። በወተት ውስጥ ላክቶስ አለ፤ ይህን ሕፃናት ሁሉ የሚፈጩት ሲሆን ካደጉ በኋላ ግን በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች የሚበዙት የመፍጨት ኃይላቸው ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ ሳይፈጩ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርዱ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቅ ተሐዋስያን ተቀብለው ያቦኩአቸዋል። ከሚቦካውም ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱም ሰው ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሊጥ በቡሓቃ ውስጥ ኩፍ እንደሚል ያለ ነው። ሽሮ ወጥ ጥራጥሬውንና ሽንኩርቱን በአንድ ድስት አዋሕዶ ስለሚያቀርብ ማታ ሆድ ቢነፋ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለ ስንዴ አንድ ቃል ልጨምር። ዳቦ ሲበሉ ሆዳቸው የሚነፋ ብዙ ሰዎች ጥፋቱን ግሉተን በሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ላይ ያደርጋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በኦስሎ ያሉ ሊቃውንት ግሉተን አይስማማንም የሚሉ 59 ሰዎችን፣ ምን እንደሚበሉ ሳይነግሩ፣ በየተራ ግሉተን፣ ፍሩክታንና ሁለቱም የሌለበት ምግብ ቢያበሉአቸው፣ ሆዳቸውን ይበልጥ የነፋው ፍሩክታን ሆኖ ተገኘ። ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በዚያ በሽታ ግሉተን በእርግጥ ይጐዳል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ዳቦ ከመተዉ በፊት ይመርመር፤ ስንዴ ትቶ የሰነበተ ሰው የደም ምርመራ ሊያሳስት ይችላልና።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። በባርሴሎና ከተማ ያሉ ሐኪሞች ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎችን በራጅ ዓይነት መሣሪያ ቢመረምሩ፣ በብዙዎቹ ውስጥ የተገኘው የጋዝ መጠን ከሌላው ሰው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ይጫናል፤ የፊተኛው የሆድ ጡንቻ ደግሞ ይላላል፤ ስለዚህ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል። አንጀታቸው ስሜተ ብዙ የሆነ ሰዎች ጥቂት ነፋስ ሲሰማቸው ሰውነታቸው ሳያውቁት እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ «ምንም ሳልበላ ተነፋሁ» የሚል ሰው ውሸታም ተብሎ ሊሳቅበት አይገባም።

በአውስትራሊያ አገር የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እነዚህን በቀላሉ የሚቦኩ ስኳሮች በአንድነት ፎድማፕ ብለው ሰይመው፣ አንጀታቸው ለሚታመም ሰዎች የሚሆን የአመጋገብ ሥርዓት አዘጋጅተዋል። ይህም ሥርዓት ለጥቂት ሳምንታት ከቀነሱ በኋላ ምግቦቹን አንድ በአንድ እየመለሱ የሚጐዳውን ለይቶ ማወቅ ነው እንጂ ዕድሜ ልክ መተው አይደለም። የሚቦኩት ስኳሮች ለደጋግ ባክቴሪያዎች ቀለብ ናቸውና።

በወጥ ቤት ውስጥ ግን እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ብዙውን ያውቁታል። ጥራጥሬን ሌሊቱን ነክሮ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ መቀቀል ከእነዚያ ስኳሮች ከፊሉን ያስወግዳል። በቆልት ማድረግም እንዲሁ፤ እህሉ ሲበቅል ስኳሮቹን ራሱ ይበላቸዋል። ወተት ወደ እርጎነት ሲለወጥ ከላክቶሱ ከፊሉ ያልቃል፤ ስለዚህ ትኩስ ወተት የሚነፋው ሰው እርጎ ሲስማማው እናያለን። በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ሊጥም ሆድ ውስጥ ሊሠራ ከነበረው ቡካት ከፊሉን በቡሓቃው ውስጥ ጨርሶ ይመጣል። ጾም ሲገባ ሥጋና ወተት ይቀርና ገበታው በአንድ ጊዜ ጥራጥሬ ብቻ ስለሚሆን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ሰው ይቸገራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ግን አንጀት እየለመደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥራጥሬን ከጾሙ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በትንሽ በትንሹ መጀመር ይበጃል። ባቄላና ምስር ሆድ ይነፋሉ ተብለው የሚጣሉ ምግቦች አይደሉም።

አሁን የቀረው የልኬት ነገር ነው። ማታ የሚነፋና ጠዋት የሚጐድል ሆድ ስብ አይደለም፤ ስብ በአንድ ሌሊት አይመጣም፣ በአንድ ሌሊትም አይሄድም። ቦርጭ መውጣት አለመውጣቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ በመጨረሻው የጐድን አጥንትና በዳሌው አጥንት መካከል በሜትር ይለካ። ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ የስኳርና የልብ በሽታ አደጋ መጨመር ይጀምራል። የአንድ ቀን ልኬት ምንም አይናገርም፤ በየሳምንቱ የተጻፈ የሁለት ወር ልኬት ግን ብዙ ይናገራል።

ነገር ግን ነፋስም ቦርጭም ያልሆነ ሆድ አለ። ሆዱ እየጨመረ ክንዱና ጭኑ የሚመነምን ሰው፣ ሆዱ ጠዋትም የማይጐድል ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ በሰገራው ደም የሚያይ፣ ማታ ማታ የሚያተኵሰውና የሚያልበው፣ ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ምግብ እየቀያየረ ጊዜ አያጥፋ። የጉበት በሽታ፣ ቢልሃርዚያ፣ የሆድ ዕቃ ሳንባ ነቀርሳ እንዲህ ሆነው ይጀምራሉ። በተለይም ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው እናቶች ከዚህ በፊት ያልነበረ መነፋት መጥቶባቸው ለሳምንታት ካልለቀቃቸው፣ የእንቁልፋይ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ስለሚችል «ሽሮው ነው» ብለው ሊያልፉት አይገባም። እግራቸው ያበጠና ሆዳቸው የተነፋ ሕፃናትም የጠገቡ ሳይሆኑ በምግብ እጥረት የተጐዱ ሊሆኑ ይችላሉና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።

ዘመዴን በተመለከተ፣ ይህን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ያንኑ ቀሚስ አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳትበላ ለብሳ ብታየው ልክ ሆነላት። ሆኖም ድግስ የሚበላው ከሰዓት በኋላ ነውና ወገቡን ሁለት ጣት ያህል እንዲለቅላት ለሰፊው መልሳ ሰጠችው።