የልዩ ክፍል መምህራን የሙያ ማኅበር

ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ዞን የፋርጣ ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች እንድታስተምር የተመደበች መምህርት ሥራዋ ሲከብዳት ማንን ትጠይቅ? የሒሳብ መምህር ቢቸግረው ከጎኑ ሌላ የሒሳብ መምህር አያጣም። የልዩ ክፍል መምህር ግን ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቤቱ አንድ ለእናቱ ነው። የዚህ ሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ለዚህ ብቸኝነት ነው።

በሌላው ዓለም ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ ውስጥ በአእምሮ እድገት ውስንነት ላይ የተቋቋመውና ዛሬም የሚሠራው ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኤድዋር ሴጋን ይባላል። ሴጋን ከፈረንሳይ የሄደ ሰው ነው፤ «አይማሩም» ተብለው የተተዉ ልጆችን በፓሪስ በእጅና በስሜት ሕዋሳት ልምምድ እያስተማረ፣ መማር እንደሚችሉ አሳይቷል። ይሁንና ማኅበሩን የመሠረቱት ልጆቹ የሚኖሩባቸውን ተቋማት የሚመሩ ሐኪሞች ነበሩ። መምህራኑ የራሳቸውን ማኅበር ለማየት እስከ 1922 መጠበቅ ነበረባቸው። ያን ዓመት ኤልዛቤት ፋረል ከጥቂት ባልደረቦቿ ጋር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የልዩ ትምህርት ምክር ቤትን መሠረተች። ፋረል ራሷ ከ1899 ጀምሮ በኒውዮርክ ድሆች ሰፈር፣ በመደበኛው ክፍል ቦታ ላጡ ልጆች የተለየ ክፍል ከፍታ ታስተምር ነበር።

በእኛ አገር የመምህሩ ማኅበር ዕድሜ ትንሽ አይደለም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ሲሆን፣ መዋቅሩ ከክልልና ከዞን አልፎ እስከ ትምህርት ቤት ይወርዳል። የደመወዝ፣ የዝውውርና የመብት ጥያቄ የሚነሣው በእሱ በኩል ነው። በሌላ ወገን፣ ወላጆች የመሠረቱት የኢትዮጵያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበር ልጆቹ ከጓዳ ወጥተው እንዲማሩ ለዓመታት ተከራክሯል። ወላጅ መንገድ ሲከፍት ምን ያህል እንደሚራመድ ከዘሚ የኑስ በላይ ማሳያ አላውቅም። ዘሚ የውበት ባለሙያ ነበረች፤ ኦቲዝም ላለበት ልጇ ትምህርት ቤት ብታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በ2013 ዓ.ም. ብታርፍም ማዕከሉ ሥራውን ቀጥሏል።

እንግዲህ መምህሩ ለኑሮው የሚሟገትለት ማኅበር አለው፤ ልጁም ወላጆቹ ያቋቋሙለት አለ። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ትምህርቱ ራሱ፣ የማስተማሩ ጥበብ ነው።

ይህ ጥበብ ከሩቅ አይታይም። እጅ መታጠብን እንውሰድ። እጅጌን መሰብሰብ፣ ጆጉን ማዘንበል፣ እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሣት፣ መዳፍን ማሸት፣ የጣቶችን መሐል ማዳረስ፣ ሳሙናውን ማስቀመጥ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ለሌላው ልጅ አንድ ድርጊት የሆነው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ዘጠኝ ትምህርት ነው። ጎበዝ መምህርት አንዳንዴ ከመጨረሻው ትጀምራለች፤ ስምንቱን አብራው ትሠራና ማድረቁን ለእሱ ትተውለታለች። ሥራውን የፈጸመው እሱ ነውና ፊቱ ይፈካል። ማድረቁን ሲለምድ ማለቅለቁም ይጨመርለታል፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ እስከ እጅጌው ይደርሳል። ብር መለየትም፣ ቁልፍ መቆለፍም፣ ገበያ ሄዶ ድንች ገዝቶ መልስ መቀበልም የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ዘዴው በኮሌጅ ይነገራል። ውኃ ሲነካው የሚጮኸው ልጅ ሲመጣ፣ ወይም ለወራት የለመደውን በአንድ የበዓል ዕረፍት የረሳው ሲመለስ ግን፣ መልሱ ያለው ተመሳሳይ ልጅ ባስተማረ ሌላ መምህር ዘንድ ነው። የሙያ ማኅበር እንዲህ ያሉ መምህራንን ያገናኛል። አንዱ የሠራለትን ለሌላው ያካፍላል፣ ያልሠራውንም በግልጽ ይነግረዋል፤ የማስተማሪያ መሣሪያ ይዋዋሳሉ፤ አንዱ በሌላው ክፍል ተቀምጦ ያያል። ገበሬው በወንፈል ማሳውን እንደሚያነሣው ሁሉ፣ ዛሬ ለአንዱ የዋለው ጉልበት ነገ ለሌላው ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዝውውር ነው። መምህርቷ ሁለት ዓመት ደክማ አንዱ ልጅ በሥዕል፣ ሌላው በመዳሰስ እንደሚገባው፣ ሦስተኛው ደወል ሲደወል ለምን እንደሚደነግጥ ታውቃለች። ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትዛወር ይህ ሁሉ አብሯት ይሄዳል፤ ተተኪው ከዜሮ ይነሣል፤ ልጁም ዓመቱን ያጣል። ለየልጁ የሚዘጋጀው ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ በወጉ ተጽፎ ከመምህር ወደ መምህር እንዲተላለፍ የሚከታተል የሙያ ወገን ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ትምህርት ቤቶች በብዛት ሲዘጉ ደግሞ ጉዳቱ በረታ። እነዚህ ልጆች የሚማሩት በየቀኑ ድግግሞሽ ነውና፣ ትምህርት ሲቋረጥ ያገኙትን ከሌላው ተማሪ ፈጥነው ያጣሉ።

በደቡብ ጎንደር ለጅምሩ የሚሆን ነገር አለ። ደብረ ታቦር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትንም ማኅበረሰብ ተኮር ተሐድሶንም ለዓመታት ይዞ የቆየ ተቋም ነው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ባወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት መሪ ዕቅድም የጉድኝት ትምህርት ቤቶችን የሚያገለግሉ የድጋፍ ማዕከላት ታስበው ነበር። አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም። በዞኑ የመምህራን ማኅበር ጥላ ሥር የልዩ ክፍል መምህራን ዘርፍ ቢቋቋም፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከፋርጣና ከፎገራ የሚመጡት ደብረ ታቦር ላይ ለአንድ ቀን ቢገናኙ ይበቃል። የትራንስፖርቱን ወጪ ማኅበሩ ከአባላት መዋጮ ይቻል፤ የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳም አንድ ብቻ ይሁን፤ እያንዳንዱ መምህር ያልተሳካለትን አንድ ትምህርት ይዞ ይምጣ።