«ሜዲኬር ይከፍላል» ተብሎ የሚወሰን ኑሮ

ዋሽንግተንና አካባቢው ለኖረ አበሻ ጡረታ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ እርጅና ሲጫነን የት እንኖራለን? ልጆች ሌላ ስቴት ገብተዋል። የታውንሃውሱ ደረጃ ለጉልበት አልተመቸም፣ በረዶ መጥረጉም ከብዷል። ጉዳዩ ለቅሶ ቤት ወይም ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ሲነሣ ግን አንዱ ቀደም ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል፦ «ምን ያስጨንቅሃል? ሜዲኬር አለህ አይደል? እሱ ይከፍላል።»

አይከፍልም። ሰዎች እንደሚያስቡት በፍጹም አይከፍልም። ይህ ወሬ ብዙ ቤተሰብ ሲያናጋ አይቻለሁ። በዚህ ተማምነው ቁጠባቸውን አገር ቤት ሕንፃ ላይ ያፈሰሱ አሉ፤ አሲስትድ ሊቪንግ (የዕለት እገዛ የሚሰጥበት መኖሪያ) መርጠው፣ ክፍሉን አይተው፣ መጋረጃ ሳይቀር ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው ሂሳቡን የሚሰሙት።

ወሬው እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ጎረቤትዎ ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ሰንብቷል እንበል። ከዚያ ነርሲንግ ሆም ተልኮ፣ ሰውነቱን የሚያፍታታ ቴራፒ ሲሠራለት ቆይቶ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አንድ ሳንቲም ሳይጠየቅ ቤቱ ገባ። ሊጠይቁት የሄዱ ጊዜ እዚያው ኮሪደር ላይ ለዓመታት የሚኖሩ አዛውንቶችም አይተዋል። ሕንፃው አንድ ነው፤ የምትንከባከባቸውም ያቺው ነርስ ናት። የሁሉንም ሂሳብ ያው ሜዲኬር የሚዘጋው ቢመስልዎ አይፈረድብዎትም።

ነገር ግን የመንግሥት የአዛውንቶች ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ፊርማ ሕግ ሲሆን የታሰበው ለሕክምና ነው። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ ላቃተው ሰው የሚደረገው የዕለት ተዕለት እገዛ በሕጉ ዓይን ሕክምና አይደለም። ለእሱ ብቻ ተብሎ የሚገባበትን ነርሲንግ ሆም ሜዲኬር አይሸፍንም። ለአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይና ምግብም ምንም አይሰጥም። የሚከፍለው ከሆስፒታል በኋላ ለማገገሚያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ታካሚው ይጋራል፤ በ2025 ድርሻው በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። 80ውን ቀን የቆየ ሰው 16,760 ዶላር ይደርስበታል ማለት ነው፣ ሌላ የሚሸፍንለት ተጨማሪ ኢንሹራንስ ከሌለው። ከ100 ቀን በኋላ ሁሉም የራሱ ነው። 100 ቀኑ ራሱ ዋስትና የለውም፤ ታካሚው የነርስ ወይም የቴራፒ ባለሙያ ክትትል በየቀኑ የማያስፈልገው ሲሆን ክፍያው ቀደም ብሎ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የአንድ ወዳጄ እናት በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም፤ ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አደሩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሠራተኛ ወረቀት አመጣች፤ ልጃቸው ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ደርቦ ፈረመው። ወረቀቱ የሚለው እናቱ ተኝተው የሚታከሙ ሳይሆኑ «ኦብዘርቬሽን» ላይ ያሉ ተመላላሽ ታካሚ መሆናቸውን ነው። ሴትዮዋ አልጋ ይዘዋል፣ ክንዳቸው ላይ የሆስፒታሉ መለያ ታስሯል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግፊታቸው ይለካል፤ በመዝገብ ግን አልተኙም። መደበኛው ሜዲኬር ለማገገሚያው የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን «ኢንፔሸንት» ተብሎ ለተኛ ሰው ነው። ኦብዘርቬሽን ላይ ያለፈ ሌሊት አይቆጠርም። ሂሳቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቤተሰቡ መጣ።

ስለዚህ እናት ወይም አባት ሆስፒታል በገቡ ቁጥር፣ በየቀኑ፣ «ኢንፔሸንት ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ24 ሰዓት በላይ ኦብዘርቬሽን ላይ ለቆየ ታካሚ ሆስፒታሉ ወረቀቱን መስጠት ብቻ ሳይሆን በቃል የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ በአማርኛ እንዲነገራችሁም አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። በግል ኢንሹራንስ ድርጅት በኩል የሚሰጠውን ሜዲኬር አድቫንቴጅ የያዙ ሰዎች ከሦስት ቀኑ ግዴታ ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለዘለቄታው መኖሪያ ግን እሱም አይከፍልም። የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር ካርዱን ለአዛውንት ሲሸጡ ይህን የማይናገሩ ሰዎች ትልቅ በደል እየሠሩ ነው። አለማወቅ አይደለም፤ መናገሩ ገበያ ስለሚያቀዘቅዝባቸው ነው።

ታዲያ ማን ይከፍላል? ብዙ ጊዜ የራስ ኪስ ነው። ጄንዎርዝ የተባለው ኢንሹራንስ ድርጅት በ2024 ባደረገው ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ የአሲስትድ ሊቪንግ መካከለኛ ዋጋ በወር 5,900 ዶላር፣ የነርሲንግ ሆም የጋራ ክፍል በዓመት 111,325 ዶላር ነበር። ገንዘቡ ሲሟጠጥ የነርሲንግ ሆሙን ሂሳብ ሜዲኬይድ ይረከባል። ሜዲኬይድ የድሃ መድን ነው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ከሜዲኬር የተለየ ነው። ለአሲስትድ ሊቪንግ ግን ኪራይና ምግቡን አይሸፍንም፤ አንዳንድ ስቴቶች እገዛውን ብቻ የሚከፍሉበት ፕሮግራም አላቸው፣ ወረፋውም ረጅም ነው።

ሜዲኬይድ ሲነሣ ሁለተኛው ወሬ ይከተላል፦ «ቤቱን በልጅህ ስም አዙረውና ድሃ ሁን።» ሜዲኬይድ በአብዛኞቹ ስቴቶች ያለፉትን አምስት ዓመታት የገንዘብና የንብረት ዝውውር ይመረምራል። በነፃ ወይም ከዋጋ በታች የተላለፈ ቤት ከተገኘ ማመልከቻው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታገዳል፤ ቤቱም የለም፣ ክፍያውም የለም። የአዛውንቶችን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክሩ ፊርማ ማኖር አያስፈልግም።

ወላጅ ከአገር ቤት ያስመጡም ይወቁ፤ 65 ዓመት መሙላት ብቻውን ሜዲኬር አያሰጥም። እዚህ ሠርቶ ወይም በትዳር ጓደኛው ሥራ በኩል 40 ሩብ ዓመት ያላሟላ ሰው በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ በክፍያ መግዛት ይችላል፤ የሆስፒታል ሕክምናን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል (ፓርት ኤ) ብቻ በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ነበር።

«ሲኒየር ቤት ማስገባት ወላጅን መጣል ነው» የሚሉትን አልንቃቸውም። አገር ቤት እንዲህ ያለ ስፍራ ሲባል ትዝ የሚለን መቄዶንያ ነው፤ እዚያ የሚገባው ደግሞ ጧሪ ያጣ ሰው ነው። እዚህ ግን በአንድ ስም የምንጠራቸው ቤቶች በጣም የተለያዩ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሌዠር ወርልድ ከ1966 ጀምሮ ነዋሪ የተቀበለ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ቁልፍ የያዘበት ሰፈር ነው። «ከ55 በላይ» የሚባሉት ሰፈሮች በሕግ ከተያዙት ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው እንዲኖር ይጠበቅባቸዋል፤ ነርስ የለባቸውም፣ ሐኪም ቤትም አይደሉም። ገቢያቸው ዝቅ ላለ፣ 62 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ በ1959 በወጣ ሕግ የተጀመሩ ሴክሽን 202 አፓርትመንቶች አሉ፤ ነዋሪው ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል። ወረፋው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ማመልከት ያለባችሁ ከማስፈለጉ በፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ሶፋ ላይ ቲቪ ፊት የሚውሉ እናት ከልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ ብቻ አልተጣሉም ማለት ግን ይከብደኛል።

«ሎቢው ያማረ ጥሩ ቦታ ነው» የሚለውም ያሳስታል። ለመምረጥ እኛ አበሾች ሌላው የሌለው ጥቅም አለን፦ ከመካከላችን ብዙዎች ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው እዚያው ይሠራሉ። ቅዳሜ ማታ አንዷ ሠራተኛ ስንት ሰው እንደምታጥብ፣ የጥሪ ደወል ሲነካ በስንት ደቂቃ እንደሚመጡ፣ ሠራተኛው በየወሩ ይለዋወጥ እንደሆነ ይነግሯችኋል። አስጎብኚው ይህን አይነግራችሁም። የሜዲኬር ድረ ገጽ ነርሲንግ ሆሞችን በኮከብ ይመዝናል፤ አሲስትድ ሊቪንግ ግን የሚቆጣጠረው ስቴቱ ስለሆነ እዚያ አታገኙትም። «በነፃ ቤት እንፈልግላችኋለን» የሚሉ አማካሪዎችም ብዙውን ጊዜ ኮሚሽናቸውን የሚቀበሉት ከቤቱ ነው፤ የማይከፍላቸውን ቤት አያሳዩአችሁም።

መግቢያ ከፍለው ዕድሜ ልክ ከአፓርትመንት እስከ ነርሲንግ ሆም በአንድ ግቢ የሚቆዩባቸው ቦታዎች ያዋጣሉ ወይ ለሚለው ለሁሉም የሚሆን መልስ የለኝም፤ ገንዘቡ ብዙ ነው፣ ውሉም እንደ ቤቱ ይለያያል። የትኛውም ቤት ብትገቡ ግን ከመፈረማችሁ በፊት፣ «ገንዘቤ ያለቀ ቀን ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ ወይስ ታስወጡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ተጽፎ ተቀበሉ።