ይተኛ ወይስ ይመላለስ? በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የአእምሮ ጤና ቀውስ ሲያጋጥም

ሜሪላንድ በ2024 ያወጣችው ሕግ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትና ሕክምናውን ደጋግሞ ያቋረጠ ሰው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እየተመላለሰ እንዲታከም የሚያደርግ ፕሮግራም በየካውንቲው እስከ ጁላይ 1 ቀን 2026 ድረስ እንዲቋቋም ያዛል። እንዲህ ያለ ሕግ ሳይኖራቸው የቆዩት ግዛቶች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ሜሪላንድ አንዷ ነበረች። ሕጉ ያስነሳው ክርክር ሰው ተገዶ ይታከም አይታከም በሚለው ላይ ያተኮረ ነው። ልጃቸው ሌሊቱን ከራሱ ጋር ሲያወራ ያደረባቸው ወይም እህታቸው «መኖር ሰልችቶኛል» ያለቻቸው ሰዎች የሚጨነቁት ግን ከዚያ በሚቀድም ጥያቄ ነው፦ ሆስፒታል ይተኛ ወይስ ከቤቱ እየተመላለሰ ይታከም? በማኅበረሰባችን ይህን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። አንዱ ቤተሰብ ሆስፒታሉን ፈርቶ ሰውየውን ቤት ይደብቀዋል፤ ሌላው ሞቱን ፈርቶ ምንም ይሁን ምን አስተኙልኝ ይላል። እስካሁን ያለው ማስረጃ ሲታይ ግን አልጋ የሚጠቅመው ለተወሰነ ዓይነት አደጋ ነው። በአብዛኛው ሕይወት የሚያተርፈው ከአልጋው በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚደረገው ጥብቅ ክትትል ነው።

በአንድ ጫፍ በየወሩ ቀጠሮ የሚያዝበት ተራ ክሊኒክ አለ፤ በሌላው ጫፍ በሩ የሚቆለፍ የሆስፒታል ዋርድ። በመካከላቸው ያሉትን ደረጃዎች ብዙ ቤተሰብ አያውቃቸውም፦ በሳምንት 9 ሰዓት ያህል የሚወስደው የተጠናከረ የተመላላሽ ሕክምና፣ ታካሚው ቀኑን በሕክምና ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባበትና በሳምንት ወደ 20 ሰዓት የሚደርሰው የቀን ሕክምና፣ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት የቀውስ ማዕከል። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ በሮክቪል ፒካርድ ድራይቭ ላይ ያለውን 24 ሰዓት የሚሠራውን የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቀውስ ማዕከል መጠቀም ይችላል፤ ካውንቲው ወደ ቤት የሚመጣ ቡድንም አለው። አሌክሳንድሪያ ከተማ የራሷ የኮሚዩኒቲ ሰርቪስስ ቦርድ፣ ማለትም የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጥ የመንግሥት ተቋም፣ አላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ በፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ያለባቸው፣ በሩት 1 ዳርና በማውንት ቨርነን በኩል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በእርግጥ የፌርፋክስ ካውንቲ ነዋሪዎች ናቸው፤ የሚያስተናግዳቸውም በሜሪፊልድ ያለው የፌርፋክስ ማዕከል ነው። በቀውስ ሌሊት ይህን ሳያውቁ ወደ ተሳሳተ ቦርድ መደወል ሰዓት ያባክናል። ድንገተኛ ክፍል የሄደ ሰውን ደግሞ ኢንሹራንስ ባይኖረውም ሆስፒታሉ የመመርመርና የማረጋጋት ግዴታ አለበት፤ ይህ ከ1986 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ነው።

የቀውስ ጊዜ የስልክ መስመሩ 988 በጁላይ 2022 ሥራ ሲጀምር የዚህ ሁሉ መግቢያ በር እንዲሆን ታስቦ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ በጽሑፍ መልእክት የሚሰጠው አገልግሎት ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሪው የሚመራው በስልኩ የአካባቢ ኮድ ስለነበር የሜሪላንድ ቁጥር ይዞ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ካለ ማዕከል ጋር ይገናኝ ነበር። ይህን ለማስተካከል የፌዴራሉ የኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 ጥሪው ደዋዩ ባለበት አካባቢ እንዲመራ ደንብ አወጣ። ወደ 911 መደወል ፖሊስ ያመጣል፤ ቨርጂኒያ ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በከባድ ዋጋ ተምራለች። በሜይ 2018 ማርከስ ዴቪድ ፒተርስ የተባለ የባዮሎጂ መምህር በአእምሮ ቀውስ ላይ ሳለ ራቁቱንና መሣሪያ ሳይዝ በሪችመንድ ፖሊስ ተገደለ። በስሙ በ2020 የወጣው ሕግ በእንዲህ ዓይነት ጥሪ የጤና ባለሙያ ቅድሚያ እንዲይዝ ያዛል።

አልጋን በተመለከተ ግን ከቨርጂኒያ ታሪክ ሁሉ የሚያስተምረው የግዛቲቱ ሴናተር የክሪ ዲድስ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በኖቬምበር 2013 ልጃቸው ገስ በአስቸኳይ ጥበቃ ትዕዛዝ ተይዞ ተመረመረ፤ አልጋ ያስፈልገዋል ተባለ፤ ሕጉ የፈቀደው ጥቂት ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ አልጋ አልተገኘምና ከአባቱ ጋር ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ አባቱን በስለት አቆሰላቸው፤ ራሱንም ገደለ። ኋላ ላይ በአካባቢው የነበሩ አንዳንድ ሆስፒታሎች ክፍት አልጋ እንደነበራቸው ተናገሩ። አባት ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ፤ በ2014 ሕጉ ተለወጠ። የጥበቃው ጊዜ 8 ሰዓት ሆነ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ አልጋ ካልተገኘ የመንግሥት ሆስፒታል ሰውየውን የመቀበል ግዴታ ተጣለበት። ማንም ወላጅ ይህን ሕግ ሊቃወም አይችልም፤ እኔም አልቃወመውም። የሚያሳዝነው ከዚያ የተከተለው ነው። አልጋው በሕግ ዋስትና ሲያገኝ፣ ሰው አልጋ እስኪያስፈልገው እንዳይደርስ የሚያደርገው አገልግሎት በዚያው ፍጥነት አላደገም፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ወደ መንግሥት ሆስፒታሎች ዞረ። በጁላይ 2021 ግዛቲቱ በሠራተኛ እጥረት ከስምንቱ የአዋቂ ሆስፒታሎቿ አምስቱ አዲስ ታካሚ እንዳይቀበሉ አደረገች። ሰው በድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ፖሊስ እየጠበቀው ቀናት ማሳለፉ የተለመደ ሆነ። ለአልጋ ብቻ ዋስትና መስጠት አልጋውንም እንደሚያሳጣ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አላውቅም።

መተኛት በራሱ ሕይወት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ አሁን ከቀድሞው የተሻለ መልስ አለ። በ2023 ጃማ ሳይካያትሪ ላይ የወጣ ጥናት፣ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ ጋር በተያያዘ ወደ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የመጡ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መዝገብ መረመረ። በግምቱ መሠረት መተኛት ከአራቱ ለአንዱ ያህል ቀጣይ ሙከራን ይቀንሳል፤ ለሌላው አንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል፤ ለቀሩት ለውጥ አያመጣም። በ2025 ደግሞ በፔንስልቬንያ አሌጌኒ ካውንቲ ተገደው የተኙ ሰዎችን የተከታተሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚያስደነግጥ ውጤት አወጡ። አንዱ ሐኪም አስተኝቶ ሌላው ሊያሰናብት በሚችልበት አሻሚ ሁኔታ ላይ ያሉት ሰዎች ሲተኙ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት በራስ ማጥፋት ወይም በመድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ መብዛት የመሞታቸው ዕድል እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ ሥራቸውና መጠለያቸውም ተናጋ። ብዙ ጥናቶች የሚስማሙበት አንድ ነገር ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ጊዜ አደገኛነት ነው። በ2017 የብዙ አገር ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ራስን የማጥፋት መጠን በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 1,132 እንደሚደርስ አሳይቷል፤ በአሜሪካ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ 14 ገደማ ነው። እርግጥ ነው፣ ሆስፒታል የሚገባው ቀድሞውኑ በጣም የታመመው ስለሆነ ቁጥሩ ሆስፒታሉን ገዳይ አያደርገውም። አደጋው በሩ ላይ እንደማያበቃ ግን በግልጽ ያሳያል።

«ቤት ቆይቶ ቢሞትስ?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል መልስ የለውም፤ ቀላል መልስ የሚሰጥ ሰውም አይታመን። አልጋ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፦ ሰውየው ራሱን ለመግደል ከሰሞኑ ሞክሮ አሁንም ሐሳቡን ሳይተው ሲቀር፣ ግድያ የሚያዝዝ ድምፅ ሲሰማ፣ ከወሊድ በኋላ እናት ከእውነታው ስትርቅ፣ ለቀናት ሳይበላና ሳይጠጣ ሲቀር፣ አልኮል በድንገት አቁሞ መንቀጥቀጥ ሲጀምር። በእነዚህ ጊዜ «ነገ ያልፍለታል» ማለት ያስገድላል። ከእነዚህ ውጭ ባለው ሰፊ መሐል ላይ ግን ባዶ እጅ ወደ ቤት መመለስና ታቅዶ ወደ ቤት መመለስ የተለያዩ ናቸው። የደኅንነት ዕቅድ የሚባለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ከባለሙያ ጋር ቁጭ ተብሎ ይሞላል። ቀውሱ ሊመጣ ሲል የሚታዩ ምልክቶች፣ ሰውየው ብቻውን ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች፣ ሐሳቡን የሚያስቀይሩ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ የሚጠየቁ ዘመዶች፣ የሚደወልላቸው ባለሙያዎች፣ በመጨረሻም ቤቱን ከአደጋ ማጽዳት። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ ራሳቸውን ካጠፉት ከግማሽ በላዩ የሞቱት በጠመንጃና በሽጉጥ ነው። መሣሪያውን ከቤት ማውጣት፣ መድኃኒቱን የአንድ ሳምንት የአንድ ሳምንት አድርጎ መስጠት ማንም የሚችለው ነው። በ2018 በወጣ ጥናት፣ በድንገተኛ ክፍል ይህ ዕቅድ ተሠርቶላቸው ከወጡ በኋላ በስልክ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ያሳዩት ራስን የማጥፋት ባሕርይ ከሌሎቹ ግማሽ ገደማ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ የሚነሳውም ከኑሯችን ነው። አባት ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ እናት በነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት ትሠራለች፤ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቀው? ይህ ስንፍና አይደለም፣ የቤት ኪራይ ነው። በ2005 የወጣ፣ በለንደን ኢዝሊንግተን በ260 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ የቀውስ ቡድን ቤት ድረስ እየሄደ ሲያክም በሆስፒታል የሚተኛው ቁጥር በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ እዚያ ግን ቡድኑ ዝግጁ ነበር። እዚህ ተመላላሽ ሕክምና ሲባል ሸክሙ ሁሉ በቤተሰብ ላይ የሚወድቅ ከሆነ አማራጭ ተብሎ መጠራት የለበትም። ጠባቂ በሌለበት ቤት አልጋው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የቀን ሕክምናም ቢያንስ ቀኑን ይሸፍናል። አሠሪን ስለሚመለከት አንድ ነገር፦ በፌዴራሉ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ የሚሸፈን ሠራተኛ ወላጁን፣ ልጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ የአእምሮ ሕመምም በዚህ ይካተታል።

የቋንቋ ነገር ሚዛኑን ከምናስበው በላይ ይለውጠዋል። ዋርድ ውስጥ ከሚሰጠው ሕክምና ብዙው በቡድን የሚደረግ ንግግር ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት እዚያ ለአንድ ሳምንት የሚያገኙት ክኒንና ዝምታ ነው። በዚህ ምክንያት ለእሳቸው በአማርኛ የሚያነጋግር ባለሙያ ጋር መመላለስ ሚዛን ሊደፋ ይችላል። የተኙ እንደሆነም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጉም ማለት አይፈቀድለትም። ልጅ እናቱ ልትሞት እንደምትፈልግ ለሐኪም እንዲተረጉም መደረግ የለበትም። የአልጋ ፍርሃታችን ምንጭ ደግሞ አገር ቤት ነው፤ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ስለነበር መተኛት ማለት መጥፋት መስሎ ቀረ። እዚህ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ግን በአብዛኛው የሚቆየው ሳምንት ገደማ ነው። አገር ቤትም ቢሆን ከአልጋ ውጭ ያለው ሕክምና በጥናት ተደግፏል፦ በ2022 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የወጣ የሶዶ ወረዳ ሙከራ፣ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት ከሚሰጡት ድጋፍ ጋር የጤና ጣቢያ ሕክምና ያገኙ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች የሕይወት እንቅስቃሴያቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ጠበልን በተመለከተ፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን እንዲያቋርጥ ካልተነገረው ሁለቱ አይጣሉም፤ ካቋረጠ ግን የሚከተለው ቀውስ ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ይህን ለካህኑ ቀድሞ መንገር የቤተሰብ ድርሻ ነው።

ወደ ማስገደዱ እንመለስ። በሜሪላንድ ቤተሰብ ለፍርድ ቤት የአስቸኳይ ምርመራ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ተቀባይነት ካገኘ ፖሊስ ሰውየውን ወደ ሆስፒታል ይወስደዋል፣ እዚያም እስከ 30 ሰዓት ይቆያል፤ ያለ ፈቃዱ ከተኛ በ10 ቀን ውስጥ ጉዳዩ በዳኛ ይሰማል። በቨርጂኒያ ከ8 ሰዓቱ ጥበቃ በኋላ ወደ 72 ሰዓት የሚደርስ ጊዜያዊ ማቆያ ይከተላል፤ ከዚያ ችሎት። አዲሱ የሜሪላንድ ሕግ ደጋፊዎች የኒው ዮርክን ልምድ ይጠቅሳሉ፤ በዚያ የተደረገ ግምገማ በትዕዛዝ የታከሙት ወደ ሆስፒታል መመለሳቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2013 የወጣው፣ በእንግሊዝ በ336 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ትዕዛዙ መመለስን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እኔ የምጠራጠረው በዚህ ነው፦ ኒው ዮርክ ከትዕዛዙ ጋር አገልግሎቱንም በገንዘብ አጠናክራ ነበርና ያዳነው ትዕዛዙ ይሁን አገልግሎቱ መለየት ያስቸግራል። ዳኛ ሄደህ ታከም የሚለው ሰው በአማርኛ የሚያነጋግረው ክሊኒክ ቀጠሮ ከሌለው ትዕዛዙ ወረቀት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ እየጠበበ ነው። በጁላይ 2025 የወጣው የፌዴራል የበጀት ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን፣ ግሪን ካርድ ካላገኙ፣ በአብዛኛው ከሜዲኬይድ ያስወጣል። ከመካከላቸው የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ተመላላሽ ሕክምናው መጀመሪያ ይቋረጣል፣ የሚቀረው ድንገተኛ ክፍሉ ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ማመልከት የሚችል ቤተሰብ ማመልከቻውን የሕክምናው አካል አድርጎ ይየው። የተኛ ሰው ያለው ደግሞ ከመውጫው ቀን በፊት ሶሻል ወርከሩን አራት ነገር ይጠይቅ፦ በሰባት ቀን ውስጥ ያለው ቀጠሮ ቀንና ሰዓት፣ የሚያየው ባለሙያ ስም፣ አስተርጓሚ መያዙን፣ እስከዚያ የሚበቃ መድኃኒት በእጅ መኖሩን። አንዱ ከጎደለ፣ ከመውጫው በፊት እንዲሟላ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።