ምዕራፍ ስድስት፦ ሁለት አገር ለሚኖር የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጅ

በመንዝ የርስት ክርክር ሲወራ እየሰማ ያደገ ሰው ሐረግ ቆጠራ ምን ያህል የኑሮ ጉዳይ እንደነበረ ያውቃል። ማማ፣ ላሎና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች ጀምሮ፣ በአባትም በእናትም ወገን እየተቆጠረ፣ ድርሻ ይጠየቅ ነበር። አገር ለቆ የቆየ ሰው እንኳ ተመልሶ ሐረጉን ካስመሰከረ አዛውንት ቁጭ ብለው ያደምጡታል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ቆጠራ ከመሬት ተነጠለ። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ሐረግን በሌላ በር መልሶ አስገባው። የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ከነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ፣ ሕጉ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። የኤርትራ ዜግነት የወሰደ ሰው ብቻ ከዚህ ተለይቷል። የድሮው ቆጠራ በሽማግሌ ቃል ይጸና ነበር፤ የዛሬው የሚጸናው በወረቀት ነው። በእኔ እምነት በሁለት አገር መካከል የሚኖር የሰሜን ሸዋ ልጅ ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ይህን ሳያስተውል ሲቀር ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ ዛሬ በሕግ የማን ዜጋ ነዎት? ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባና ግሪን ካርድ የያዘ ሰው አሁንም ኢትዮጵያዊ ነው። ወደ አገሩ ሲመጣ ቪዛ አይጠየቅም፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም አያስፈልገውም፤ ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይበቃዋል። የእሱ ጭንቀት በወዲያኛው አገር ነው። ከ6 ወር በላይ ከአሜሪካ ርቆ ከቆየ ሲመለስ መኖሪያው የት እንደሆነ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየቱ ካልቀረ ደግሞ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻውም የሚገባው ከመነሳቱ በፊት፣ እዚያው አሜሪካ ሳለ ነው። ይህ ሕግ ከአገራችን ልማድ ጋር ክፉኛ ይጋጫል። እናቱን ሊያስታምም መሐል ሜዳ የመጣ ሰው ለቀብር ይቆያል፣ ከዚያ ለአርባው፣ ከዚያ ደግሞ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እንዴት ብሎ ይሄዳል? ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ የሚወድቀው እንዲህ በደጉ ምክንያት ነው። ስለዚህ የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ለሁለት ሳምንት እሄዳለሁ ብሎ ቢነሳም ማመልከቻውን አስገብቶ ቢሄድ ይሻለዋል።

የሌላ አገር ዜግነት ወስደው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በአንቀጽ 20 እንደሚለው በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ሁለት ዜግነት በእኛ ሕግ የለም። አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ቢኖርም መጓጓዣ ሊሆን አይገባም፤ ነገር ግን አይጣል፣ አይቀደድ። ለትውልደ ኢትዮጵያዊነት ከሱ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ቢጫ ካርድ ምን ይሰጣል? ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መግባትና መኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ተቆጥሮ ኢንቨስት ማድረግ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን። የማይሰጠውም አለ። መምረጥና መመረጥ አይቻልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች መቀጠርም አይፈቀድም። ካርዱ የጊዜ ገደብ ስላለው የሚያበቃበትን ቀን ከቲኬቱ ጋር አብረው ይመልከቱ።

ሰዎች የሚጉላሉት ግን በመብቱ ሳይሆን በስሙና በቀኑ ነው። "ፀጋዬ" የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ በ"ቲ" ብቻ፣ ሌላው ላይ በ"ቲ" እና "ኤስ" ይጀምራል። አንዲት እህት ውጭ አገር አግብታ የባሏን አባት ስም የቤተሰብ ስም ታደርጋለች፤ አሮጌው ፓስፖርቷ ደግሞ የአባቷንና የአያቷን ስም ነው የያዘው። ለመዝጋቢው እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቷና ስም የተለወጠበት የዜግነት ሰነዷ አብረው ካልቀረቡ የሚያገናኛቸው የለም። ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1952 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1959 ነው፤ ቅጽ የሞላለት ሰው 1960 ብሎ ጽፎ ከሆነ ስህተቱ ከዚያ በኋላ በወጣው ወረቀት ሁሉ ላይ ሲከተለው ይኖራል። ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ ልዩነት ካገኙ ከጉዞው በፊት በሕጋዊ መንገድ ያሳርሙ። ሰዓትም ያሳስታል፤ ቲኬት ላይ 02:00 ተብሎ የተጻፈው በረራ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው።

የትውልድ ሐረግ የሌለው እንግዳ መንገዱ ሌላ ነው። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ከጀርመኗ የቫተርሽቴተን ማዘጋጃ ጋር ከ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ጀምሮ ወዳጅነት አላት፤ የካርልሃይንዝ በም "ሰዎች ለሰዎች" ድርጅትም በመርሐቤቴ ብዙ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ከ2010 ጀምሮ የተዘረጋውን የኢንተርኔት ቪዛ ይጠቀማል፤ የቱሪስት ቪዛው የ30 ወይም የ90 ቀን ነው። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ትምህርት ቤት ማስተማር ወይም ሐኪም ቤት ውስጥ ማገልገል ግን፣ ክፍያ ባይኖረውም፣ ጋባዡንም እንግዳውንም ጣጣ ውስጥ ያስገባል። የሚጋብዘው ድርጅት ለሥራው የሚስማማውን ቪዛ አስቀድሞ ይጠይቅለት።

ወደ ዓረብ አገር ለሄዱት እህቶቻችን ደግሞ ጉዳዩ የዜግነት አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ፓስፖርታቸውና የመኖሪያ ፈቃዳቸው (ኢቃማቸው) እኩል በሕይወት መኖር አለባቸው። ከሳዑዲ ለዕረፍት የምትመጣ ሠራተኛ የመውጫና የመመለሻ ቪዛዋ የሚያበቃበትን ቀን ካሳለፈች ሥራዋ እዚያ እየጠበቃት እሷ ሞላሌ ትቀራለች። የሁለቱንም ሰነድ ፎቶ ቤተሰብ ዘንድ ትታ ትሂድ፤ ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ የወደቀ ቀን ኤምባሲ የሚጠይቃት ቁጥሩን ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ትልቅ ቀን ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ሰዎችን ወደ ሐዋላ ነጋዴ ሲገፋ ኖሯል። ቤት ለሚሠራ ሰው ግን በባንክ የገባ ገንዘብ ደረሰኝ ነገ ምንጩን ሲጠየቅ መልስ ይሆነዋል። የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ መክፈት ይቻላል። ባንኮች የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር እየጠየቁ ስለሆነ አገር ቤት ሲገቡ ምዝገባውን ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ያድርጉት። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ያለው ሒሳብዎ በጠቅላላ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ግብር ባይኖርበትም ማሳወቁ አይቀርም።

አሁን ወደ ውክልናና ወደ መሬት ልምጣ፤ ቤተሰብ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። በውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት መሸጥን ለመሰለ ጉዳይ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን አንቀጽ እንደ ጥበቃዎ ይዩት። ወንድምዎ ቤቱን እንዲያከራይ ከፈለጉ "እንዲያከራይ" ይጻፉ፤ ሁሉንም ነገር የሚዘረዝር የተዘጋጀ ቅጽ ሳያነቡ አይፈርሙ። ውክልና በወካዩ ሞት የሚቀር መሆኑንም ሁለታችሁም እወቁት።

መሬትን በተመለከተ በከተማና በገጠር መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በዓለም ከተማ ወይም በመሐል ሜዳ ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ቤት ሊኖረው ይችላል፤ የከተማ ቦታ በሊዝ ሥርዓት ይተዳደራል። የገጠር መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የመጠቀም መብቱም በግብርና ለሚተዳደር ሰው የታሰበ ነው። "የአባቴ መሬት ነው፣ ድርሻዬ የት አለ?" የሚለው የድሮ ጥያቄ ከቨርጂኒያ ወይም ከሙኒክ ሲነሳ የሚያርሰውን ወንድም ያስደነግጣል። ከመጠየቅዎ በፊት የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያጣሩ። እኔ የምመክረው ማሳውን ለሚያርሰው ትተው የደከሙ ወላጆችን ቤት ማደስ ነው።

የመንገድና የጤና ነገርም አለ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት አለ፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔትና ባንክ የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። በጣርማ በር አድርገው ወደ ሞላሌም ይሂዱ፣ በሙከጡሪና በለሚ አድርገው የጀማን ገደል ወርደው ዓለም ከተማ ይግቡ፣ ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውለው የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ የመመለሻ በረራዎንም በመጨረሻው ቀን ላይ አያድርጉት። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ መድኃኒቱን ከማዘዣው ጋር ይዞ ይውጣ። የአሜሪካው ሜዲኬር በጥቅሉ ከአገሩ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልምና ጡረተኞች ለብቻው የጉዞ መድን ይግዙ።

የልጆች ጉዳይ ቀረ። ውጭ አገር ተወልዶ በመወለዱ የዚያን አገር ዜግነት ያገኘ የኢትዮጵያዊ ልጅ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን መያዝ ከፈለገ፣ አዋጅ 378 ያስቀመጠለት ጊዜ አጭር ነው። አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ማሳወቅ አለበት። ብዙዎቹ ሌላውን ስለማይተዉ ለእነሱ የሚቀረው ቢጫ ካርድ ነው፤ ሐረጉ ደግሞ እስከ ቅድመ አያት ነው። ራቤል ወይም ዘመሮ አካባቢ የተወለዱት አያትና ቅድመ አያት ሲወለዱ ግን መዝጋቢ አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞዎ እናትዎን ወደ ቀበሌ ይውሰዷቸው፤ የልደት ምዝገባቸውንና ፋይዳቸውን ያስጨርሱ፣ የእርስዎ ስም የሳቸው ልጅ ሆኖ የሚታይበትን ወረቀት ያውጡ፣ የልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀት ከሱ ጋር ያያይዙ። አንዱን ኮፒ ለራስዎ፣ አንዱን አገር ቤት ለሚቀመጥ ዘመድ፣ አንዱን ለልጅዎ ይስጡ።