ስለ አሮጌ ትራክተር ሞተር ጉልበት



ከመካከላችሁ ትውልዱ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ አካባቢ የሆነ፥ ወንድሙ ወይም አጎቱ በገጠር ትራክተር ያለው ሰው፥ «መኪናው ስለ ደከመ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምርልኝ መካኒክ አግኝቻለሁ፤ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል መልእክት ደርሶት ይሆናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡን ከመላካችን በፊት የሞተር ጉልበት ከየት እንደሚመጣ፥ ሲጨመርም በምን ዋጋ እንደሚጨመር ማወቅ ይገባናል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከሩቅ አገር እንነሣ። የአሜሪካ ገበሬዎች ትራክተር ሳይመጣ በፊት ፈረሶቻቸውን ከባድ ሸክም በማስጎተት ያወዳድሩ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በሚዙሪና በኦሃዮ ግዛቶች ይኸው ውድድር በትራክተር ተደረገ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የስምንት ግዛቶች ተወካዮች ተሰብስበው አንድ ወጥ ደንብ የሚያወጣ ማኅበር አቋቋሙ። ትራክተሩ የሚጎትተው ተንሸራታች ጋሪ ነው፤ በጋሪው ላይ ያለው ክብደት ጉዞው በገፋ ቁጥር ወደ ፊት እየቀረበ ሸክሙን ያከብደዋል። እስከ 300 ጫማ፥ ማለት እስከ 91 ሜትር ያህል የጎተተ ሙሉ ጎተተ ይባላል። ከውድድሩ ክፍሎች አንዱ አባቶችና አያቶች ያረሱባቸው አሮጌ ትራክተሮች የሚቀርቡበት ነው።

በጎጃም እንዲህ ያለ ጨዋታ አልተለመደም፤ ትራክተር ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በብር ሸለቆና በአየሁ ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ፤ በናዝሬት የተቋቋመው ፋብሪካም «ቤላሩስ» የተባለውን የሶቪየት ኅብረት ትራክተር ይገጣጥም ነበር። ያረጀ ትራክተር እንዲያርስ ሲባል የሚደረግለት ማጠናከሪያ፥ ተወዳዳሪዎቹ ከሚያደርጉት ጋር በብዙ መንገድ አንድ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የውድድሩ ጉተታ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ እርሻው ግን ከማለዳ እስከ ማታ፥ ከሳምንት እስከ ሳምንት ይቀጥላል።

አንድ የፈረስ ጉልበት የሚባለው 75 ኪሎ ክብደት በ1 ሴኮንድ ውስጥ 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ኀይል ነው። አንድ ጥማድ የአገራችን በሬ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ከዚህ መጠን አያልፍም። ሞተር ይህን ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር በማቃጠል ነው። ብዙ ሰው ነዳጁን ብቻ ያስባል፤ ዋናው ግን አየሩ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ በሚገባ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የአገሩን አቀማመጥ ልናስተውል ይገባል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፥ ቡሬም ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው አሮጌ ትራክተር በወረቀቱ ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ቢጻፍ፥ በቡሬ እርሻ ላይ 40 ያህል ቢሰጥ ሊያስደንቀን አይገባም። ሞተሩ አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አየር አንሶታል።

እንግዲህ ጉልበት የሚጨመርባቸውን መንገዶች በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው የናፍጣውን ፖምፓ ከፍቶ ነዳጅ ማብዛት ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ስለ ሆነ የሚወደድ ነው። ነገር ግን አየሩ ሳይጨመር ነዳጁ ብቻ ቢበዛ፥ ትርፉ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፒስተኑና ቴስታታው ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ ያልተቃጠለውም ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ብረቱን ያስበላዋል። ጥቁር ጭስ የብርታት ምልክት የሚመስለው ሰው፥ የራሱ ገንዘብ ወደ ሰማይ ሲወጣ እያየ ደስ የሚለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ቴስታታውን በመላግ የእመቃውን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። በላምባ ይሠሩ የነበሩት የጥንት ትራክተሮች እመቃቸው ብዙ ጊዜ ከ5 ለ1 አያልፍም ነበር፤ ላምባ በበለጠ እመቃ ያንኳኳልና። ተወዳዳሪዎች እነዚህን ወደ ቤንዚን እየለወጡ እመቃውን ከፍ ያደርጋሉ። የናፍጣ ሞተር ግን ከመሠረቱ እመቃው ብርቱ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማግባት ነው። ተበልቶ ለላላ ሞተር በልኩ የሚደረግ ሪቲፊካ የቀድሞ ጉልበቱን ይመልስለታል። ከልክ በላይ ቢሰፋ ግን ግድግዳው ይሳሳል፤ ሙቀቱንም አይችለውም።

አራተኛው የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ፈትቶ ሞተሩ ከተወሰነለት በላይ እንዲሽከረከር ማድረግ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሊዞር የተሠራ ሞተር 3,000 ጊዜ ቢዞር ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ እንላለን፤ በቢዬላውና በቮላኖው ላይ የሚያርፈው ጭነት ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የጥንት ቮላኖ ከቀለጠ ብረት የተቀዳ ስለ ሆነ ሊፈነዳና ስብርባሪው እንደ ጥይት ሊበተን ይችላል። ስለዚህ ነው ለፍጥነት በተሠሩ የውድድር ትራክተሮች ላይ ቮላኖው በብረት ጋሻ እንዲከለል፥ ሞተሩንም በቅጽበት የሚያጠፋ ገመድ እንዲኖር የሚደነገገው። በገጠር መካኒክ እጅ የተፈታ ሞተር ይህ ጋሻ የለውም።

አምስተኛው ተርቦ መግጠም ነው። ለደጋ አገር በመርሕ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ የጎደለውን አየር ይመልሳልና። ነገር ግን ማቀዝቀዣው፥ ዘይቱና ፒስተኑ ለዚያ የተዘጋጁ ሊሆኑ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አንድ ሌላ ወሰን አለ። ትራክተር የሚጎትተው በሞተሩ ብቻ ሳይሆን መሬቱን በሚይዘው ጎማው ነው። ልል በሆነ የእርሻ መሬት ላይ፥ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ከሚያርፈው ክብደት ግማሹን ያህል እንኳ ለመጎተት ይቸገራል። ጎማው የሚንሸራተት ከሆነ የተጨመረው ጉልበት ጎማ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም።

ጎማው አጥብቆ ሲይዝ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ሰንሰለቱ ከኋላው አክስል በላይ ከታሰረና ሸክሙ አልንቀሳቀስ ካለ፥ ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ በነጂው ላይ ይገለበጣል። ይህ የሚፈጸመው በ1 ሴኮንድ ተኩል ገደማ ስለ ሆነ ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ጉቶ ለመንቀል ወይም በጭቃ የተያዘ የጭነት መኪና ለማውጣት ሰንሰለቱን ባገኘው ቦታ የሚያስር ልጅ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል፤ የሚታሰረው ዝቅ ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለዘመዳችን ምን ብለን እንመልስለት? አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ያጽዳ፤ በበጋ አቧራ የታፈነ ማጣሪያ፥ ከፍታው የቀነሰውን አየር ይብስ ያሳንሰዋል። ቀጥሎም የናፍጣ መርጫዎቹን ያስፈትሽ፤ የቫልቮቹን ክፍተት ያስለካ፤ የሲሊንደሮቹን እመቃ ያስመርምር። ከዚያ በኋላ በኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ክብደት ይጨምር፤ ማረሻውን ይሳል፤ ማርሹንም ዝቅ አድርጎ ይረስ። ብዙ ጊዜ ጠፋ የተባለው ጉልበት የሚገኘው ከእነዚህ ውስጥ ነው። በግንቦት፥ የበቆሎ ዘር በደረሰበት ሳምንት፥ ቢዬላው የተሰበረ ትራክተር ለባለቤቱም፥ ተራ ለሚጠብቁት ጎረቤቶቹም ያመለጠ ወቅት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው።

በመጨረሻም ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። የአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት ሻጮች ስለ ትራክተሮቻቸው ጉልበት የሚናገሩት ከእውነቱ ርቆ ገበሬዎችን ስላስለቀሰ፥ በ1919 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ትራክተር በዩኒቨርሲቲው ሳይመዘን እንዳይሸጥ በሕግ ደነገገች። ሚዛኑም በ1920 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። እኛም «ጉልበት እጨምርልሃለሁ» ለሚለን ሁሉ፥ «ስንት ነበር? ስንት ሆነ? በምን ለካኸው?» ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው መካኒክ ሲገኝ ገንዘቡን እንላክ፤ መልስ ከሌለው ግን ለማጣሪያው፥ ለመርጫውና ለማረሻው የሚበቃውን ብቻ ልከን፥ የነጂውንም ሕይወት አደራ እንበል።