አሽከርካሪ የሌለው የጋራ ተሽከርካሪና የተሳፋሪው ፈቃድ

አሽከርካሪ አልባ የጋራ ተሽከርካሪ የሚባለው፣ መሪ የሚይዝ ሰው ሳይኖረው በካሜራ፣ በራዳርና ርቀትን በሌዘር በሚለኩ መሣሪያዎች አካባቢውን እየቃኘ በኮምፒውተር ውሳኔ የሚጓዝ፣ የአንድ ግለሰብ ንብረት ሳይሆን ለብዙ ተገልጋይ የሚቀርብ መጓጓዣ ነው። ጋራነቱ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ዌይሞ የተባለው ኩባንያ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ እንደሚያቀርበው፣ ተገልጋዮች በየተራ ብቻቸውን የሚሳፈሩበት ታክሲ ሲሆን፣ ሁለተኛው የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው የሚጓዙበት አነስተኛ አውቶቡስ ነው። ሕዝቡ ለመጠቀም ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑ ሲጠና፣ ጥያቄው ስለ የትኛው እንደሆነ ካልተለየ መልሱ እምብዛም አያስረዳም።

በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ካሳተመው የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል ነው፤ ይኸውም ሰዎች አዲስ መሣሪያን የሚቀበሉት ይጠቅመናል፣ ለአጠቃቀምም አያስቸግረንም ብለው ባመኑበት መጠን ነው የሚል ነው። ሞዴሉ የተፈተነው ግን በቢሮ ኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ በመሆኑ፣ ነፍስን ለማሽን አደራ መስጠትን ለመመዘን ስላልበቃ፣ ኋላ የመጡት እምነትንና የአደጋ ሥጋትን ጨምረውበታል። ይህ እምነት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናወጥ የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የሚያካሂዳቸው የአስተያየት ጥናቶች ያሳያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በእንዲህ ያለ መኪና መጓዝ እንደሚያስፈራቸው የተናገሩት አሽከርካሪዎች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ በማርች 2018 የኡበር የሙከራ መኪና በአሪዞና ቴምፒ ከተማ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ከገደለ በኋላ 73 በመቶ ደርሰዋል።

እነዚህ አኃዞች ግን በአብዛኛው ተሳፍረው የማያውቁ ሰዎችን ግምት የሚለኩ ናቸው። ከእነርሱ ይልቅ የሚያስተምረው፣ ሲቲሞቢል2 በተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2015 በፊንላንድ ቫንታ ከተማ በዝግታ በሚጓዙ አነስተኛ አውቶቡሶች የተሳፈሩ ሰዎች የሰጡት መልስ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ከትራፊክ አደጋ አንጻር አውቶቡሱን ሾፌር ካለው በላይ ሲያምኑት፣ በውስጡ በሚሰማቸው ደኅንነትና ድንገተኛ ችግር ቢያጋጥም በሚገኘው እርዳታ ረገድ ግን ዝቅተኛ ግምት ሰጥተውታል። ፍርሃቱ ማሽኑ መንዳት አይችልም የሚል ሳይሆን፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ኃላፊ የሚሆን ሰው የለም የሚል ይመስላል። ሾፌር የሰከረን ያስወርዳል፣ ጠብ ያበርዳል፣ የታመመ ተሳፋሪ ሲኖር ወደ ሐኪም ቤት ያዞራል፤ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ተሳፋሪም በሾፌሩና በረዳቱ ላይ የሚጥለው እምነት ከመሪና ከፍሬን ያለፈ ነው። በተለይ በምሽት ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው ካሜራና የድረሱልኝ ቁልፍ ከሩቅ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ቢያገናኟትም፣ አጠገቧ ያለን ሰው ያህል ሊሆኑላት አይችሉም፤ አገልግሎቱን የሚያቅዱ ሁሉ ይህን ሥጋት ባለማወቅ የመጣ አድርገው ማቃለል የለባቸውም።

መፍትሔው አስተናጋጅ ማሳፈር ነው ቢባል ሌላ ችግር ይነሣል፤ አሽከርካሪ አልባ አውቶቡስ ርካሽ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው የሾፌር ደመወዝ ስለሚቀርለት በመሆኑ፣ በየአውቶቡሱ ሰው ከተመደበ ዋናው የቁጠባ ምክንያት ይጠፋል። በሌላ በኩል ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጫ መጋራት ተሳፋሪውን የሚስበው ዋጋው ሲቀንስና የመንገዱ መዞር ሲያጥር ስለሆነ፣ ቁጠባው ከሌለ መጋራቱም አጓጊነቱን ያጣል።

ከተሳፋሪው ምቾት ባሻገር የሥራ ጉዳይም አለ። ዌይሞ እ.ኤ.አ. በ2025፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ በሚተዳደሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በ2026 አገልግሎት ለመጀመር ማቀዱን አስታውቋል፤ በዚያ ከተማ ስለ ፈቃደኝነት የሚጠየቀው ሰው ተሳፋሪ ብቻ ሳይሆን የሾፌር ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ጥቅምና ስለ ምቾት ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ የመልሱን ግማሽ ሳይሰማ ይቀራል።