ለፓይተን ኮድ ማዋጣት፦ ከፓች እስከ ቦት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መጨረሻ የዚግ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዘጋጆች ከኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ ወጥተው ወደ ኮድበርግ መሄዳቸውን አስታወቁ። ኮድበርግ በርሊን ያለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። የዚግ መሥራች አንድሩ ኬሊ የጊትሃብ አውቶማቲክ የፍተሻ አገልግሎት ጥራት መውረዱን በምሬት ጻፈ፤ ኩባንያው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በየቦታው መግፋቱንም ተቃወመ። ዚግ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ኮድ አይቀበልም። ከዚያ ወዲህ የፕሮግራመሮች ክርክር ኮድ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ተጠምዷል። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ማንም የማያውቀው ሰው የላከው ለውጥ ተነብቦና ተፈትኖ ቋንቋው ውስጥ እስኪገባ ምን ምን ያልፋል የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ከፓይተን የተሻለ ምሳሌ የለም።

ፓይተን እስከ 2017 ድረስ ኮዱን ያስቀምጥ የነበረው መርኩሪያል በተባለ የለውጥ መቆጣጠሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት በሰብቨርዥን፣ ከሱም በፊት በሲቪኤስ። አስተዋጽኦ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ለውጡን ፓች በተባለ ፋይል አድርጎ የቋንቋው የችግር መዝገብ ላይ ይሰቅል ነበር። ቀሪው ሸክም ሁሉ ለውጥ ለማስገባት ሥልጣን ያለው የኮር ዴቨሎፐሩ ነበር፦ ፓቹን ያወርዳል፣ በራሱ ማሽን ላይ ይሞክራል፣ ቴስቱን ያስኬዳል፣ ለቆዩት ቨርዥኖችም ያዳርሳል። ይህን የሚሠራው አብዛኛው ሰው ደግሞ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚቀመጥ በጎ ፈቃደኛ ነው። ፓቾች ለዓመታት ሳይነኩ የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህን አሠራር የመቀየሩን ሥራ ኮር ዴቨሎፐሩ ብሬት ካነን መምራት ጀመረ። ጊትላብና ጊትሃብ ከተነጻጸሩ በኋላ በ2016 መጀመሪያ ጊትሃብ መመረጡን አሳወቀ፤ ዝውውሩ የተፈጸመው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2017 ነው። ዕቅዱ የሰፈረበት ፔፕ 512 የተሰኘው ሰነድ ዛሬም ቢነበብ ያስተምራል፤ ከመሣሪያው ምርጫ ይልቅ የየዕለቱን እንቅፋት አንድ በአንድ ይዘረዝራልና።

ከእንቅፋቶቹ አንዷ በጣም ታስገርመኛለች። ፓይተን ላይ ለውጥ የገባ እንደሆነ ዜናው ኒውስ በተባለ አንድ ፋይል አናት ላይ አንድ አንቀጽ ሆኖ ይጻፍ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ቢያስተካክሉ ሁለቱም የሚጽፉት እዚያው ቦታ ላይ ነው። የአንዱ ሲገባ የሌላው ይጋጫል። ኮዱ ውስጥ አንዳች ጠብ ሳይኖር፣ በዜናው አንቀጽ ብቻ ሥራው ይቆማል። መፍትሔው ላሪ ሄስቲንግስ የጻፈው ብለርብ የተባለ ትንሽ መሣሪያ ነው፦ እያንዳንዱ ዜና በራሱ ትንሽ ፋይል ይቀመጣል፤ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ይሆናሉ። ከዚህ ለውጥ ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ከዚያ ቦቶቹ መጡ። እዚህ ላይ የማሪያታ ዊጃያ ስም መነሳት አለበት፤ የፓይተን የመጀመሪያዋ ሴት ኮር ዴቨሎፐር ናት። እሷ የሠራችው ሚስ ኢዝሊንግተን የሚባለው ቦት፣ አንድ ለውጥ ለቆየው ቨርዥንም ያስፈልጋል የሚል ምልክት ሲለጠፍበት፣ ያንኑ ለውጥ ወስዶ በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ፑል ሪክዌስት (ለውጡ ይግባ የሚል ጥያቄ) ይከፍታል። ቀድሞ በእጅ ይሠራ የነበረ አሰልቺ ሥራ በዚህ ቀረ። የችግር መዝገቡም ወደ ጊትሃብ ይሂድ ብላ ፔፕ 581ን የጻፈችው እሷው ናት። ተቃውሞ አልጠፋም፦ የዓመታት ታሪክ ለአንድ ኩባንያ ለምን ይሰጣል? ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ2018 ገዝቶት ስለነበር ስጋቱ ውኃ የሚያነሳ ነበር። ሐሳቡ ግን ጸደቀ፤ መዝገቡ በ2022 ተዛወረ።

ሌሎቹን ቋንቋዎች ባጭሩ ልለፋቸው። ፐርል በ2008 ወደ ጊት፣ በ2019 ወደ ጊትሃብ ሄደ፤ ሩቢ በ2019 ሰብቨርዥንን ተወ። ጎ ዛሬም ለውጦችን የሚገመግመው ጌሪት በተባለ መሣሪያ ላይ ነው፤ ከጊትሃብ የሚመጣውን ለውጥ ቦት ወደዚያ ያሻግራል። ረስት ቦርስ በተባለ ቦት አማካይነት ቴስት ያላለፈ ለውጥ ዋናው ቅርንጫፍ ላይ እንዳይገባ አድርጓል።

ፒኤችፒ ግን ቆም ያሰኛል። በማርች 2021 የራሱ ጊት ሰርቨር ላይ ሁለት ተንኮለኛ ለውጦች ገቡ፤ አንዱ በቋንቋው ፈጣሪ በራስመስ ለርዶርፍ ስም፣ ሌላው በኒኪታ ፖፖቭ ስም። የፊደል ግድፈት ማረሚያ ተብሎ የገባው ኮድ፣ አንድ የተወሰነ ቃል ለሚልክ ሰው ሰርቨሩ ላይ ያሻውን እንዲያስኬድ በር የሚከፍት ነበር። በሰዓታት ውስጥ ተያዘ። የያዙት የገባውን ኮድ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ፒኤችፒ ከዚያ በኋላ የራሱን ሰርቨር ትቶ ጊትሃብን ዋና ማከማቻው አደረገ።

ዘመናዊው አሠራር ያልፈታውም ይኸው የማንበብ ሥራ ነው። ፑል ሪክዌስት መላክ ቀለለ፤ ቦት ቴስቱን ያስኬዳል፣ ዜናው አይጋጭም። ሆኖም ፓይተን ላይ ከሺህ በላይ ክፍት ፑል ሪክዌስቶች ዓይን ይጠብቃሉ። የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2021 ሉካሽ ላንጋን በደመወዝ የቀጠረው አንድም የተከማቸውን እንዲያቃልል ነው፤ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ይህ ትክክለኛው ይመስለኛል። ዛሬ ኮድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይጻፋል፤ ጠንቅቆ ለማንበብ ግን አሁንም ሰዓታት ይፈልጋል። የዚግ ሰዎች ጥብቅ አቋም የሚገባኝም ከዚህ አንጻር ነው፤ የላኪው ድካም ሲቀንስ የአንባቢው ይበዛል።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ሆናችሁ በፓይተን የምትሠሩ አንባቢዎች፣ አስተዋጽኦ ስታስቡ አዲስ ፑል ሪክዌስት ለመክፈት አትቸኩሉ። ከተከፈቱት አንዱን ምረጡ፤ ኮዱን አውርዳችሁ ገንቡት፣ ለውጡን ሞክሩት፣ በምን ማሽን ላይ ምን እንዳያችሁ በዝርዝር ጻፉ። ይህን ለማድረግ ኮር ዴቨሎፐር መሆን አያስፈልግም።